ዕፀ ሳቤቅ በጅግጅጋ ያር

ሰይጣን ከእኛ ክፍል ሁለት በር አልፎ እንደሚኖር ያወቅሁት በሰባት ዓመቴ፣ ሐርጌሳ ውስጥ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ዛሬ መሳሳቴን አውቃለሁ። ግን ያኔ የነበረኝን ማስረጃ ዳኛ ፊት ባቀርበው ኖሮ፣ ዳኛው የሚፈርደው ለእኔ ነበር።

እናቴ ሸዋርካብሽ እትዬ ሳህራ ቤት ነበር የምትሠራው። ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ግቢ ትጠርጋለች፤ እኔና እሷ የምናድረው ከግቢው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። እትዬ ሳህራ የሐርጌሳ ሰው ቢሆኑም በጦርነቱ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው፣ አዲስ አበባ ተድረው፣ እዚያው ወልደው የተመለሱ ናቸው። አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ ይፈጥናል። ባላቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም። አንድ ልጅ አላቸው፤ ጉሌድ ይባላል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰይጣኑ የሰፈረው እሱ ላይ ነው።

እንዴት አወቅሽ ለሚለኝ መልስ አለኝ። ሐርጌሳ ሳንመጣ፣ ጎጃም ሳለን፣ እናቴ ሆዴን ሲያመኝ ጸበል ወስዳኝ ነበር። እዚያ አንዲት ከሲታ ሴት መስቀል ሲነካት እንደ በሬ አጓራች። ድምፁ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከሆዷ ሥር የሚመጣ ነበር። አጥማቂው “ስምህ ማነው?” እያሉ ጠየቁት፤ ስሙን ተናገረ፤ ጮኸና ለቀቀ። ሴትዮዋም ብድግ ብላ የሚጠጣ ውኃ ለመነች። ይህን ያየሁ ልጅ፣ ከጉሌድ ክፍል ያንኑ ድምፅ፣ ያውም ቆርቆሮ ላይ በረዶ እንደሚዘንብ ከሚንጣጣ ከበሮ ጋር ስሰማ፣ ሌላ ምን ልበል?

ድምፁ ከስልክ እንደሚመጣ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሚያጓራው ሰውዬ በረዶ አገር የሚኖር፣ ለማጓራቱ የሚከፈለው፣ ምናልባትም ሲጨርስ ጉሮሮው እንዳይጎዳ ማር በሻይ የሚጠጣ ሰው ነው። ሄቪ ሜታል ከሚሉት ሙዚቃ ውስጥ የመጨረሻው ጥግ ላይ ያለው፣ ስለ ሰይጣንና ስለ መቃብር የሚዘፈንበት ዓይነት ነው። ጉሌድ አዲስ አበባ ሲማር የክፍሉ ልጅ ሚሞሪ ላይ ጭኖ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ አልተላቀቁም።

የጉሌድ ነገር ደግሞ በድምፁ ብቻ አያበቃም። ፀጉሩን አሳድጓል። በዚያ ፀሐይ ጥቁር በጥቁር ይለብሳል። በሩን ይዘጋል፣ መጋረጃውን አይገልጥም፣ ከሰው ጋር አይቀመጥም። የግመል ሥጋ ሲቀርብለት ሳህኑን በጣቱ ገፋ ያደርጋል። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ሲለምኑት እሰማ ነበር። ወንድማቸው ጃማዕ ዓርብ ዓርብ ለምሳ ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንድ ቤት ያነሳባቸዋል፤ ጂን ያለበት ሰው ተዘግቶ ቁርኣን የሚቀራበት ቤት ነው። እትዬ ሳህራ ዛሬ ነገ እያሉ ያቆዩታል። እኔ በልቤ ከጃማዕ ጋር ነበርኩ፤ እሱ በቁርኣን ይበል እንጂ ነገሩ ገብቶታል።

ሰኔ ነበር፣ የሐዋርያት ጾም። እናቴ ሳፋዋን አስቀምጣ የጉሌድን ልብሶች ስትዘፈዝፍ አንዱ ላይ እጇ ቆመ። ጥቁር ቲሸርት ነው። ደረቱ ላይ ቀንዳም ራስ አለ። ከራሱ በላይ እሾሃማ ቅርንጫፍ የሚመስል ነጭ ነገር ግራና ቀኝ ተጠላልፏል። ከሥሩ መስቀል አለ፣ ተዘቅዝቆ።

አሁን የማውቀውን ልናገር። ቅርንጫፍ የመሰለው የባንዱ ስም ነው፤ ባዳ እንዳያነበው ፊደሉን ሆን ብለው ያጠላልፉታል። ራሱ የፍየል ነው፤ ሰይጣንን በፍየል ይሥሉታል። መስቀሉ የተዘቀዘቀው ለስድብ ነው። ቲሸርቱ ከሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ ወጥቶ ከሕፃናት ካልሲና ከአሮጊት ሹራብ መሀል ተጥሎ ሳለ ጉሌድ አየው፤ ወርቅ የወደቀ ያህል ዘሎ አነሳው። ሻጩ ምን እንደሆነ አላወቀም።

እናቴም አላወቀችም። ግን ፊደል ባትቆጥርም ሥዕል ማንበብ ታውቃለች፤ የተማረችው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ቁልቁል የተሰቀለው ማነው? ቅዱስ ጴጥሮስ፤ እንደ ጌታዬ ልሰቀል አይገባኝም ብሎ። ቀንዱ ከቅርንጫፍ ጋር ያለውስ? ለይስሐቅ ቤዛ የወረደው፣ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ፀጉሩ የባሕታዊ ነው። ጥቁሩ የመነኩሴ ነው። በር መዝጋቱ ለጸሎት ነው። የግመል ሥጋ አለመብላቱማ ነገሩን ዘጋው፤ እኛ ዘንድ ግመል የሚበላ ክርስቲያን የለም። ጉሌድ ግን ግመል የተወው በልጅነቱ አንዴ በልቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው ስላደረ ነው።

እናቴ ግራ ቀኝ አየች። ቲሸርቱን ግንባሯ ላይ አስነክታ ሳመችው። ከዚያ በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። እኔ ታንከሩ ሥር ተቀምጬ አየኋት፤ ሰይጣን የማስወጣቱ ሥራ ተጀመረ ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ዳሚ ወደሚባለው ሰፈር ወረድን። ቤተ ክርስቲያን ስለሌለን ጥቂት ሆነን የምንጸልየው ባንተአምላክ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። ባንተአምላክ አገሩ ዲያቆን ነበረ፤ ሐርጌሳ ልስን ይለስናል። ጸሎቱ አልቆ ሰዎቹ ሲወጡ እናቴ ቲሸርቱን ከነጠላዋ ፈታ አሳየችው። ሲሚንቶ የነከሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ተቀበላት። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው። በመጨረሻም ዕፀ ሳቤቅ ነው አለ።

ቀጥሎ ያወሩትን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። እስላም ልጅ ሃይማኖቱን ቀየረ ከተባለ ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ቤት እንደማያገኝ፣ ከሱ በፊት ደግሞ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ባንተአምላክ ነገራት። ልብሱን የምታጥበው ሴት ሰበከችው ይባላል። ሥራ የለም፣ ክፍል የለም፤ በዚያው ቀን መኪና ላይ ጭነው ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ነው። ሌሎቻችንም እንከተላለን።

“መልሽለት፤ አላየሁም በይ” አላት። “ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።”

“ነፍስ ናት፣ ዲያቆን” አለች እናቴ። “ልጁ ብቻውን ነው።”

እኔ በልቤ ሳቅሁ። ብቻውን ቢሆንማ ምን ችግር ነበረው? ትልልቅ ሰዎች ሲባሉ ዋናውን ነገር ያልፉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ዳሚ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲባል ጉሌድ አልጋው ላይ ተኝቶ ጣሪያ ያያል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ጉሌድን አንቱ ማለት ጀመረች። ትናንት “አንተ፣ ካልሲህን ከአልጋ ሥር አውጣ” ያለችው ልጅ፣ ዛሬ “ምሳ ልስጥዎ?” ይባላል። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ለብቻ ትሠራለታለች፣ ሳህኑን በሁለት እጅ ታቀብለዋለች። እኔ አልገረመኝም፤ ውስጡ ሁለት ናቸዋ። ጉሌድ በኋላ እንደነገረኝ ከሆነ እሱ የመሰለው እናቴ የምታሾፍበት ነው። ሽሮውን ግን ወደደው።

ጃማዕ ግን በመጣ ቁጥር እየባሰበት፣ የጉሌድም ድምፅ እየጨመረ ሲሄድ፣ ሥራውን ራሴ ለመፈጸም ወሰንኩ። ከእኩለ ቀን በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ እናቴ ከአገሯ ያመጣችውን የሃይላንድ ጸበል ይዤ የጉሌድ በር ጋ ሄድኩ። ደፉ ላይ ትንሽ እንዳፈሰስኩ በሩ ተከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል። ከኋላው ያ ድምፅ ያጓራል።

“ስምህ ማነው?” አልኩ፣ እንደ አጥማቂው።

“ጉሌድ” አለኝ።

“አንተን አይደለም። ውስጥህ ያለውን ነው።”

በሩን ተደግፎ ቁልቁል አየኝ። ይቆጣኛል ብዬ ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ጥቂት አሰበና፣

“እሱም ጉሌድ ነው” አለኝ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ሰይጣን ስሙን ሲደብቅ ክፉ ምልክት ነው። እንዲያ ብዬ ነው የተመለስኩት። አሁን ያን መልስ ሳስበው ልቤ ይነካል፤ ልጁ እውነቱን ነበር የነገረኝ፤ እኔ ነኝ ጥያቄውን ለሌላ ያቀረብኩት።

የሐርጌሳ ነፋስ ሐምሌ ላይ ይብሳል፤ አቧራ ያነሳል፣ ባልዲ ያንከባልላል። እናቴ እስከዚያ ደብቃ ያቆየችውን ቲሸርት አጥባ፣ እትዬ ሳህራ በሌሉበት ሰዓት ለባለቤቱ ልትሰጠው አስባ፣ ታንከሩ ጀርባ ባለችው ገመዳችን ላይ አሰጣችው፤ ከላዩ ነጠላዋን ደረበችበት። ዓርብ ነበር። ጃማዕ ከጁምዓ ሶላት መጥቶ ለምሳ እጁን ሊታጠብ ወደ ታንከሩ ሲዞር ነፋሱ ነጠላውን ገፎ ወሰደው።

ቲሸርቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ግቢው መሀል ቆመ። የማን ነው ሲል በሶማሊኛ ጠየቀ። እትዬ ሳህራ ከሳሎን ወጡ። እናቴ ከኩሽና ወጣች፤ እጇ ላይ ሊጥ ነበር። ጃማዕ የሚያየው መስቀሉን ነው፤ ሌላውን አላየውም። የእኛን ገመድ አየ፣ የእህቱን ልጅ በር አየ።

“አኒጋ ለህ” አለች እናቴ በሰባራ ሶማሊኛዋ። “የኔ ነው።”

ጃማዕ ክፉ ሰው አልነበረም። የእህቱን ባል በእጁ የቀበረ፣ የዚያን ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው። እናቴንም አልሰደባትም። ሃይማኖትሽ የራስሽ ነው፣ ማንም ጠይቆሽ አያውቅም አላት፤ ግን አባት የሌለው ልጅ ባለበት ግቢ መስቀል አሰጣሽ፤ ልጁም ይኸው እንደምናየው ሆኗል። እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ዕቃሽን ሰብስቢ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ክፍላችን ገብታ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች። አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስሙን በመጠየቄ የተቆጣው ሰይጣን እኛን እያባረረን መሰለኝ።

ያን ጊዜ የጉሌድ በር ተከፈተ። ወጣሁ። ግቢው መሀል ከአጎቱ ፊት ቆሟል፤ ፀጉሩ በነፋሱ ፊቱ ላይ ተበትኗል። በሶማሊኛ ተናገረ፤ ከዚያ እናቴ እንድትሰማ ብሎ ወደ ክፍላችን ዞሮ በአማርኛ ደገመው።

“የኔ ነው። መስቀል አይደለም። የሰይጣን ምልክት ነው፤ የምሰማው ዘፈን ነው። እሷ ምንም አላደረገችም።”

ጃማዕ አዑዙ ቢላህ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ቲሸርቱ ከጣቱ ወደቀ። እኔ እንባዬን ጠርጌ ደስ አለኝ፤ ሰይጣኑ ራሱ በራሱ አፍ አመነ፤ እንግዲህ ይወጣል። ጃማዕ እጁን ኪሱ ከትቶ ስልኩን አወጣ። የሚደውለው ወደዚያ ወደሚዘጋበት ቤት እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ጉሌድም ከሁላችን በፊት ያውቅ ነበር። ያን እያወቀ ነው የወጣው። ዝም ቢል እኛ ሄደን እሱ ይቀር ነበር።

እትዬ ሳህራ እስከዚያ ድረስ የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው ቆመው ነበር። ወደ ወንድማቸው ሄዱና እጃቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ።

“ጃማዕ” አሉት፣ “ጂን ሰው ከቤት ሲያስወጣ ሰምቻለሁ። ሰው ከቤት እንዳይወጣ ብሎ ራሱን ሲሰጥ ሰምተህ ታውቃለህ?”

ጃማዕ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

“ልብሱን አልወደውም። ዘፈኑንም አልወደውም፤ በሩ ላይ ቆሜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ልጄን ግን ዛሬ አየሁት። አባቱን ነው የመሰለኝ። የትም አይሄድም። ሸዋም የትም አትሄድም።”

ጃማዕ ጎንበስ ብሎ ቲሸርቱን አነሳ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ቢያንስ ፀጉሩን ይቆረጥ አለ። እትዬ ሳህራ ይቆረጣል አሉ። ቲሸርቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሊጥለው ወሰደው፤ ከመሄዱ በፊት ግን ምሳውን በልቶ ነው፤ የእናቴ ሩዝ የሚተው አይደለም። እኔም የጠበቅሁትን ጩኸት ስላልሰማሁ ሰይጣኑ በዝምታ ወጣ ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

ወደ ማታ ጉሌድ ሻይ ሊወስድ ኩሽና በር መጣ። ፀጉሩ ተቆርጦ ጆሮው ትልቅ ሆኗል። እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ሰጠችውና ጠጋ ብላ፣ “አይዘኑ” አለችው። “ጴጥሮስም ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ ክዷል። እርስዎ አንዴ ነው።” ጉሌድ እሺ ብሎ ሻዩን ይዞ ሄደ።

ዘንድሮ፣ ከኢድ ማግስት፣ ጅግጅጋ ያር ያለችው የጉሌድ የስልክ ጥገና ሱቅ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ ድንገት ጠየቀኝ። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሶላት ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ መስጊድ ይሄዳል፤ አሁንም ጥቁር ይለብሳል። እናትሽ ያን ቀን ስለ ዶሮ ያለችኝ ምን ነበር አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያሰላስለው ኖሯል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጴጥሮሱን፣ ዕፀ ሳቤቁን፣ ግመሉን። እስኪያስለው ሳቀ።

የዘፈኖቹን ግጥም ያሳየኝ ያኔ ነው። እንግሊዝኛ አስተምራለሁና ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። እውነቱን ለመናገር ብዙው ያስጠላል፤ ቤተ ክርስቲያን ስለማቃጠል የሚፎክረውን አንብቤ ስልኩን መለስኩለት፤ እኔ እንኳን ግድግዳ፣ የምጸልይበት ጣሪያ ያጣሁ ሰው ነኝ። የቀረው፣ አንድ ልጅ በጨለማ ሌላውን ልጅ የሚያስፈራራበት ዓይነት ነው። ሰይጣንን እኛ ስንጠራው እንፈራለን፤ እነሱ እንደ ባንዲራ ያውለበልቡታል። ጥቂቱ ግን ስለ ሞትና ስለ ብርድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሜ አነበብኩት።

“አባቴ ሲሞት ሁሉም ሰብር አድርግ፣ ቻለው አሉኝ” አለ ጉሌድ። “ትክክል ናቸው። እኔ ግን መጮህ ነበር የፈለግሁት። ሰዎቹ ይጮሁልኝ ነበር።”

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። እሱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ እናቴ የሰይጣን ልብስ መሆኑን እያወቀች የሸፈነችው ይመስለው ነበር። ያን ቀን ከክፍሉ ያስወጣውም ይኸው ሐሳብ ነው፤ ክርስቲያን ሴት ለኔ ብላ ይህን ተሸከመች ብሎ አፍሮ። ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየና፣ “ታዲያ ብታውቅ ኖሮ የኔ ነው ትል ነበር?” አለኝ። የሚጠይቀው ለጨዋታ አልነበረም።

ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስመለስ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። ፍየሉን፣ ስሙን፣ መስቀሉ ለምን እንደተዘቀዘቀ። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ለኔ ብሎ ካደ እንጂ ልቡ የኛ ነው ስትል የኖረች ሴት ናት። ፎቶውን ስልኬ ላይ ሳሳያት ግን አማተበች። ትሪውን አስቀመጠች።

“ስሜዋለሁ እኮ” አለች፤ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች፣ አንዴ ደግማ ጠረገች።

የጉሌድን ጥያቄ አቀረብኩላት። ያኔ ብታውቂ ኖሮስ?

“ባውቅ ኖሮማ አጥቤ አላሰጣውም” አለች። “እሳት ውስጥ ነበር የምከተው።”

“ጃማዕ የተቃጠለው የማን ነው ቢልሽስ?”

ምስሩን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

“የኔ ነው እለዋለሁ።”